የቅዳሜው ርካሽ ባቡር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 27

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ አሌክሳንድሪያ።

ጋሼ፣ ከተያየን ሰነበትን፤ እንዴት ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ መሪ ላይ ብዙ ስትቀመጥ ይይዝህ ነበር። ባለቤትህ ደህና ናት ወይ? ሮሆቦት ኮሌጁን ለመደችው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይርጋለም እዚያው አረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ እኔም ያው ሆቴል ላውንድሪ ነኝ። መኪናችን በመጨረሻ ተሠርታ ወጥታለች።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬን ብሎክ ስላደረግከው ነው። ፖስታው ላይ በላኪው ቦታ የሚስቴን የይርጋለምን ስም የጻፍኩትም የእኔን ስም ካየህ ሳትከፍተው ትጥለዋለህ ብዬ ነው። አንዴ ከፍተኸዋልና እስከ መጨረሻው አንብበው። የሚመለከትህ ጉዳይ አለ፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩልህ አይገባህም።

የሮሆቦትን የምርቃት ግብዣ አንተም እኔም አንረሳውም። ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ አባባ አንድ ቃል ልናገር ብለው ተነሡ። የሚመርቁ መስሎን ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። እሳቸው ግን፣ “ይህን ልጄን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ ላይ ቆሜ፣ ትኬት ቆርጬ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባሁት። እሱ ግን ትምህርቱን ጥሎ አሜሪካ መጣና መሪ ያዘ። እኔ የቆምኩበት አውቶብስ ሾፌር እንኳ ከሱ ይሻል ነበር፤ የደንብ ልብስ ነበረው” አሉ። ሰው ሳቀ። ፈረንጆቹ የሮሆቦት ጓደኞች ምን እንዳሉ ሲጠይቋት፣ ልጅቷ ቀልድ ነው ብላ ስትመልስላቸው ሰማኋት። አንተ ኬኩን መቁረጥህን ቀጠልክ። 

በማግሥቱ ጠዋት አባባን ከሁለት ሻንጣቸው ጋር እኛ ሕንጻ በር ላይ አውርደህ፣ ደወሉን ተጭነህ፣ ሳትወጣ ሄድክ። ወርጄ ሳገኛቸው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ መኪናህ በዞረበት በኩል እያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአራት ወር በላይ ሳሎናችን ውስጥ ተኙ። አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልክም። ይርጋለም ከሌሊት ሺፍት ስትመለስ በካልሲዋ ብቻ እየተራመደች በአጠገባቸው ታልፍ ነበር። አንድም ቀን አላማረረችም። እኔ ግን አልዋሽህም፤ አማርሬአለሁ። በእሳቸው ሳይሆን በአንተ።

የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ፣ ደለስ ኤርፖርት ልታደርሳቸው ትችላለህ ወይ ብዬ ቴክስት አደረግኩልህ። መኪናችን ትራንስሚሽኗ ሞቶ ቆማ እንደነበር ታውቃለህ። የመለስክልኝ ሁለት ቃል ነው፤ “ኡበር ጥሩላቸው።” የማታውቀውን ሰው ሁሉ ሻንጣ እየተሸከምክ ኤርፖርት የምታመላልስ ሰው፣ ለገዛ አባትህ ኡበር ጥሩላቸው አልክ። ያን ቴክስት ለይርጋለም አላሳየኋትም። ደጋግሜ ግን አነበብኩት።

ከዚያ በኋላ ነው የባቡር ነገር የያዘኝ። አንድ እሁድ ሙሉ ስልኬን ይዤ ትኬት ሳነጻጽር ዋልኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ደለስ በሥራ ቀን በርቀት ነው የሚያስከፍሉት፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ስለምታቋርጥ ጣሪያው ድረስ ይደርሳል። ቅዳሜና እሁድ ግን ሩቅም ሂድ ቅርብ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ዕድሜው ስልሳ አምስት ያለፈ ሰው ደግሞ ፓስፖርቱን አሳይቶ የሽማግሌ ካርድ ካወጣ የዚያንም ግማሽ ብቻ ይከፍላል። ከዩኒየን ስቴሽን ወደ ባልቲሞር ኤርፖርት የሚሄዱትን ባቡሮች ሳይቀር አየሁ፤ ፈጣኑን፣ አስቀድመው ሲቆርጡት የሚረክሰውን፣ ሠራተኛ የሚመላለስበትን። ይርጋለም በትከሻዬ በኩል አይታ፣ አውሮፕላናቸው የሚነሳው ከደለስ ነው፣ ባልቲሞር ምን ልታደርግ ነው አለችኝ። ለማወቅ ያህል ነው አልኳት። በመጨረሻ የሐሙሱን በረራ ወደ ቅዳሜ አስቀየርኩት። ምክንያቴን ለጠየቀኝ ሁሉ የባቡሩን ዋጋ እያሳየሁ አስረዳሁ።

አባባ ደስ አላቸው። ትኬት ማወቅ እንዲህ ነው አሉኝ። ካርዱን ለማውጣት አብረን ሄድን። ሲሰጧቸው በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላብጠው አዩትና፣ ትኬት ቆራጩ የት ጋ እንደሚቆም ጠየቁኝ። እዚህ አገር ትኬት ቆራጭ የለም፣ ሁሉንም ማሽኑ ይሠራዋል አልኳቸው። “ታዲያ ሰው ሲጠፋበት ማን ነው የሚነግረው?” አሉ። 

አርብ ዕለት ዋለልኝ እኛ ቤት መጣ። አንተ ጋ ናሽናል ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ዋለልኝ። ነገ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ደለስ አድርሻቸው ልመለስ፣ ምንም አልቀበልም አለ። አመሰገንኩትና ትኬት ተቆርጧል አልኩት። የሁለት ዶላር ትኬት ነው ወይ ብሎ ሳቀ። ይርጋለም ሳህን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘግታ ዞራ አየችኝ።

የዚያኑ ቀን የአባባን የስልክ መስመር ዘጋሁት። ከነገ ወዲያ አይፈልጉትም፣ ለምን ወር ይቆጠርብናል አልኳቸው። አንድ ስልክ ቁጥር በትልልቁ ወረቀት ላይ ጽፌም ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተትኩላቸው። ድንገት ከተጠፋፋን ይህን ላገኙት አበሻ ያሳዩ፣ ኤርፖርት ውስጥ አበሻ አይጠፋም አልኳቸው። እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲከፈት እኛ በሩ ላይ ቆመን ነበር። በረራው አራት ሰዓት ተኩል ነው። በጣም ቀደምን አሉ አባባ፤ ይሻላል አልኳቸው። ክራቫታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን ቦርሸው ነበር። ቀዩ ባቡር ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ካርዱን ከእጃቸው አላስቀመጡትም። ተማሪ ሳንቲም ጎድሎት ሲሳፈር እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ እንደነበር አጫወቱኝ። አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ይዟቸው የሦስት ቀን ደመወዝ ተቀጥተዋል። ይህን ለአንተ ነግረውህ ያውቃሉ? ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

ከዚያ፣ “ወንድምህን ሳልሰናበተው መሄዴ ነው” አሉ። ቢያገኙት ይቅርታ ይሉት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።  እሳቸውም፣ “ፊቱን ሳየው የምለው አይጠፋኝም” አሉ።

ሜትሮ ሴንተር ወርደን ወደ ታችኛው ወለል ወረድን። ቦታውን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ደለስ የሚሄደው ሲልቨሩም፣ ናሽናልና አሌክሳንድሪያ የሚሄደው ብሉውም የሚቆሙት እዚያው አንድ ጠርዝ ላይ ነው። ሰሌዳው ብሉ ሁለት ደቂቃ፣ ሲልቨር ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። ብሉው መጣ። አባባን በክንዳቸው ደግፌ አስገባኋቸው። አንዱን ሻንጣ አስገባሁ። ሁለተኛው አግዳሚው ወንበር ጋ ነበር፣ አምስት ስድስት እርምጃ ይሆናል። እሱን ላመጣ ወጣሁ። በሩ ተዘጋ።

በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን አነሱ። እንደ መሰናበት ይሁን ወይ እንደ መጥራት አላወቅኩም። እኔ ደረቴን በእጄ መታ መታ አድርጌ የኮታቸውን ኪስ አመለከትኳቸው። ኤርፖርት የሚል ጽሑፍ ሲያዩ እንዲወርዱ ከቤት ሳንወጣ ነግሬአቸዋለሁ። እንግሊዝኛ ባያነቡም ያችን ቃል በመልኳ ያውቋታል። ብሉው ላይ ኤርፖርት የሚባል ጣቢያ አንድ ብቻ ነው።

አግዳሚው ላይ ሻንጣውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሲልቨሩ መጥቶ ሄደ። ሌላ ብሉ መጥቶ ሄደ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አንተ ስትደውል፣ ስትሰድበኝ፣ እየተሳደብክም ቢሆን መኪናህን አስነሥተህ ስትሄድ ይታየኝ ነበር። ከናሽናል ደለስ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሁለት ሰው አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዝም ሊባባል አይችልም ብዬ አሰብኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ። አልደወልክም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ ኤልሳቤጥ የምትባል ልጅ ናት፤ ናሽናል ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች። አባባ ከባቡሩ ወርደው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ ያገኙትን ሁሉ የአዲስ አበባ አውሮፕላን የት ነው እያሉ ሲጠይቁ አገኘቻቸው። ኤርፖርቱ ሌላ መሆኑን ስትነግራቸው ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ደወለች። ጆሯቸው ስለሚከብዳቸው እንዲሰሙ ብላ ስፒከር ላይ አደረገችው። አባትህ እዚህ ናሽናል ቆመዋል፣ ተሳስተው ነው የመጡት፣ አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነው አለችህ። ስማቸውን ከነአባታቸው ነገረችህ። አንተም፣ “ተሳስተሻል እህቴ፤ እንዲህ የሚባል አባት የለኝም” አልካት። ዘጋኸው።

ያን ጊዜ የታክሲ መጠባበቂያው ውስጥ ነበርክ፤ እሳቸው ከቆሙበት አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቦታ። የነገረኝ ዋለልኝ ነው። ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ካርታ እየተጫወታችሁ ነበር። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ካርታ ስበህ ተራህን ተጫወትክ አለኝ። ማን እንደደወለ ሲጠይቅህ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው አልከው። ያንን ዙር አሸንፈሃል መሰለኝ።

ምናልባት ከጀርባው እኔ እንዳለሁ ገብቶህ ይሆናል። አንድ ቤት ነው ያደግነው፣ ታውቀኛለህ። ለእኔ የመለስክልኝ መስሎህ ይሆናል። የሰሙት ግን እሳቸው ናቸው።

ኤልሳቤጥን ያጽናኗት አባባ ናቸው። “ልክ ነው ልጄ፤ ቁጥሩ ተሳስቶ ነው። የእኔ ልጅ ድምፅ እንዲህ አይደለም” አሏት።

እኔ የደረስኩት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዊልቸር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እግራቸው ጤነኛ መሆኑን ታውቃለህ። ለምን እንደዘገየሁ፣ በሩ እንዴት እንደተዘጋ፣ ምንም አልጠየቁኝም። ወረቀቷን አጥፈው መለሱልኝና፣ “ይህን ቁጥር አርመው” አሉኝ። 

ታክሲ ልያዝ ስላቸው አሻፈረኝ አሉ። ኤልሳቤጥ ለመነቻቸው፣ እኔ ለመንኳቸው። “ትኬት ቆርጫለሁ” አሉ። ከኋላቸው ሻንጣ እየጎተትኩ ወደ ባቡሩ ተመለስን። ሮዝሊን ወርደን ሲልቨሩን ጠበቅን፤ ቅዳሜ ነውና ባቡሩ ቶሎ አይመጣም። ደለስ ስንደርስ መመዝገቢያው ተዘግቶ ሠራተኞቹ ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንተ ጋ ደውዬ የተናገርኩህን ተናገርኩ፤ አንተም ብሎክ አደረግከኝ። በቁጣ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። የጎደለ ግን ነበረው።

ሌላ ወንበር እስኪገኝ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ዘጠኙንም ቀን አባባ ሲጠሯቸው አቤት፣ ሲያቀርቡላቸው እሺ ከማለት በቀር አልተናገሩም። በመጨረሻው ቀን ዋለልኝ በመኪናው አደረሳቸው። በር ላይ ጉንጬን ሦስቴ ሳሙኝ። ውኃ ልጠጣ ስነሣ እንኳ ይመርቁኝ የነበሩት ሰው ሳይመርቁኝ ገቡ። ይርጋለም ይህን አይታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትተኛው ሳሎን፣ እሳቸው ይተኙበት በነበረው ሶፋ ላይ ነው።

አሁን ወደሚመለከትህ ነገር ልምጣ።

ኅዳር 10 ቀን የአክስታችን ልጅ እንግዳወርቅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ስልኩን እንዳነሣሁ ለቅሶ ነው የሰማሁት። አባባ አንድ ነገር የሆኑ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አይደሉም። አንተ ነህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ከገቡ ጀምሮ ከቤት አልወጡም ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረየስ እንኳን ደህና ገቡ ሊሏቸው ይመጣሉ። በጨዋታ መሐል ትልቁ ልጅዎስ እንዴት ነው ብለው ይጠይቃሉ። አባባ “የለም” ይላሉ። ይህችን አንድ ቃል ብቻ። ጋሽ ገብረየስ ደንግጠው፣ መቼ፣ እንዴት፣ ለምን ሳንሰማ ቢሏቸው አባባ አቀርቅረው ዝም። የሚያለቅሱ መስሏቸው፣ ሽማግሌው እየሮጡ ወጡ። ሳይመሽ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተጣለ። አባባ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ተሳስታችኋል ለማለት ሦስት ቀን ነበራቸው። አላሉም።

ለቅሶህ ደማቅ ነበር። የሰፈሩ ሰው አንድ አልቀረም። አብሮህ የተማረው ፍሰሐ መሬት ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ አሉ፤ ሒሳብ ያስጠናኸው አንተ እንደሆንክ እየተናገረ። አሜሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነበር ሲሉ አባባ በራሳቸው አረጋገጡላቸው። “ዩኒቨርሲቲ ያስገባሁት ልጄ ነው፤ ወገቤ የተቆረጠው ዛሬ ነው” አሉ። በቁምህ ያልሰማኸውን ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ አሉልህ።

ያን ቀን ስልኩ ላይ እንግዳወርቅን፣ አባባን አገናኝኝ አልኳት። ስልኩን ሰጠቻቸው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አባባ ምን እያደረጉ ነው አልኳቸው። “ለቅሶ ላይ ነን። አንተም ወንድምህ ነውና አልቅስ” ብለው ስልኩን መለሱላት። እንግዳወርቅ መቼ እንደተቀበርክ ጠየቀችኝ። ሬሳህ አገር ይገባል ወይ አለች።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። በሕይወት አለ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ታክሲ እየነዳ ነው ብል አባባ በእድሩ ሁሉ ፊት የቁም ልጃቸውን የቀበሩ ሰው ይሆናሉ። ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ነገሩ በአንተ ብቻ አያቆምም፤ የባቡሩም በር ይነሣል። እዚሁ ተቀብሯል አልኳት። ቀኑንም ነገርኳት፤ ያን ቅዳሜ። ይርጋለም አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ ሌላ ሰው ድንገት ነግሮህ እንዳትደነግጥ ነው። የድሮ ጓደኞችህ ለባለቤትህ ሊያለቅሱላት ይደውላሉ፤ ሦስት አራቱ ቁጥሯን እኔን ጠይቀውኛል። እስካሁን አልሰጠሁም። ብትፈልግ ዛሬውኑ አባባ ጋ ደውል፤ ድምፅህን ለይተው ያውቁት እንደሆነ አላውቅም። ብትፈልግ ዝም በል። ዝም ካልክ ማንም አይከስህም፤ ማንም ስለ ሾፌርነትህ አያነሣም።

አርባህ ከመርዶው ቀን ተቆጥሮ ታኅሣሥ 19 ነው፤ የገብርኤል ዕለት ይውላል። ጾም ስለሆነ ድግሱ የጾም ነው፤ የእድሩ ሴቶች ሽሮና በርበሬውን ማስፈጨት ጀምረዋል። እኔ እሄዳለሁ። ትኬቴን ቆርጫለሁ። አባባ በእንግዳወርቅ በኩል አንድ ነገር አዝዘውኛል፤ ክራቫት ያሰርክበት፣ በትልቁ ታጥቦ በፍሬም የሚሰቀል ፎቶህን። የድሮ ፎቶዎችን ሁሉ አውጥቼ ፈለግኩ። ክራቫት ያሰርክበት ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ በእኔ ሠርግ ቀን አብረን የተነሣነው፣ ክንድህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ የምትስቅበት። ትናንት ወደ ፎቶ ቤት ወስጄ እኔን አውጡልኝ አልኳቸው። ልጁ በኮምፒውተር ቆርጦ አወጣኝ። እጅህ ግን እኔ ትከሻ ላይ ስለነበር ሊተርፍ አልቻለም። ክንድህ ክርንህ ላይ አበቃ። ልጁ ይህን የተቆረጠ ክንድ ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት።

ፍሬሙ ጥቁር ነው። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው፤ አሁን ስጽፍልህ ታየኛለህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ሮሆቦትን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ ወግ ማዕረጓን ያሳይህ። ወገብህን ብርድ አታስመታው። ከአርባህም በኋላ፣ ከሙት ዓመትህም በኋላ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥህ።

ታናሽ ወንድምህ